ከጽዳት ዘመቻው ማግስት፦ በአቃቂ ዳርቻ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ምን ያህል ይደርሳል?

የአዲስ አበባ ወንዞች ባለፉት ጥቂት ዓመታት የብዙ ሰው መነጋገሪያ ሆነዋል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የሚሆን የወንዝ ዳርቻን በ29 ቢሊዮን ብር ግምት ለማልማት ታስቦ ተጀመረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ አስተዳደሩ ወደ ወንዝ ቆሻሻ በሚጥሉና ፍሳሽ በሚለቁ ላይ ጠንከር ያለ ቅጣት የሚጥል ደንብ ሥራ ላይ አዋለ፤ በዚያው ዓመት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በተለምዶ ፌስታል የምንለውን የፕላስቲክ ከረጢት የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ። ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ በየበዓሉ ዋዜማና በየወሩ በሚጠሩ የጽዳት ዘመቻዎች በርካታ ወጣቶች ጓንት አጥልቀውና አካፋ ይዘው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የጸዳው ዳርቻ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይቆሽሻል። አንዳንዱ ይህን ሲያይ የበጎ ፈቃደኞቹ ድካም ከንቱ ነው ይላል፤ ሌላው ጥፋቱን በነዋሪው ልማድ ላይ ይጥልና ሰው ካልተለወጠ ወንዝ አይለወጥም ብሎ ያልፋል። ሁለቱም አባባሎች የተወሰነ እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ወንዙ እንዴት እንደሚቆሽሽና የጽዳት ዘመቻ ከዚያ ውስጥ የትኛውን ክፍል እንደሚነካ አይነግሩንም። ይህ ጽሑፍ ከከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ማለትም ከላፍቶ፣ ከቃሊቲና ከአቃቂ አካባቢ ሆኖ ጥያቄውን ለመመርመር ይሞክራል።

ቆሻሻው የማን ነው?

ነገሩን ለመረዳት ከመሬቱ አቀማመጥ መጀመር ይገባል። ትንሹ አቃቂ ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ በምዕራቡ ክፍል አድርጎ ይወርዳል። ትልቁ አቃቂ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ መጥቶ፣ እነ ቀበና፣ ግንፍሌና ባንትይቀጡ ከመሀል ከተማ የሚያመጡትን ውሃ ተቀብሎ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ሁለቱም አባ ሳሙኤል ግድብ ዘንድ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ውሃው ወደ አዋሽ ይገባል። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል፤ አቃቂ ቃሊቲ ግን 2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ውሃው በአጭር ርቀት ይህን ያህል ቁልቁለት ስለሚወርድ፣ ክረምት ላይ ከላይ የዘነበው ዝናብ በየቦዩና በየቱቦው የተከማቸውን ሁሉ ጠራርጎ በሰዓታት ውስጥ ዳር ያደርሰዋል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር በሕዝብ ንግግር ውስጥ ብዙም አይነሣም። በአቃቂ ድልድይ ሥር ወይም በላፍቶ ዝቅተኛ ቦታዎች የሚያጸዳው በጎ ፈቃደኛ የሚያነሣው በአብዛኛው የጎረቤቱን ቆሻሻ አይደለም፤ ከገበያ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ከላይኛው ሰፈር ተጠርጎ የወረደውን ነው። ስለዚህ "ነዋሪው ራሱ አቆሽሾ ራሱ ያጸዳል" የሚለው ወቀሳ ለዳር ነዋሪ ፍትሐዊ አይደለም። የታችኛው ሰፈር ሰው የራሱን ልማድ ፈጽሞ ቢያስተካክል እንኳ በነሐሴ የሚመጣበት ጎርፍ ባዶ እጁን አይመጣም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ በወንዙ ዳር የቆመ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። በቁጥቋጦዎቹና በባሕር ዛፎቹ ቅርንጫፎች ላይ የተጠላለፉት ቀዳዳ ፌስታሎች ከውሃው ከፍ ብለው፣ ሁሉም በአንድ መስመር ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ ያ መስመር ጎርፉ የደረሰበት ከፍታ ነው። ከሥሩ ደግሞ የጫት ገረባ፣ የተቀዳደደ ማዳበሪያ፣ የሃይላንድ ጠርሙስና የአንድ እግር ጫማ ከደለል ጋር ተጣብቀው ንብርብር ይሠራሉ። ይህን ንብርብር በአካፋ መቁረጥ እንጂ በእጅ መልቀም አይቻልም።

ዘመቻው የሚያነሣውና የማያነሣው

የወንዝ ብክለት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ደረቅ ቆሻሻ ነው፤ ይታያል፣ ይያዛል፣ በጆንያ ይሞላል። ሁለተኛው ፈሳሽ ነው፤ ከመጸዳጃ ቤት የሚለቀቅ፣ ከፋብሪካ፣ ከቄራ፣ ከጋራዥና ከመኪና ማጠቢያ የሚወርድ። የመጀመሪያው ለዓይን ይከብዳል፤ ለጤና የሚከብደው ግን በአብዛኛው ሁለተኛው ነው።

ለምን እንደሆነ በአጭሩ እንመልከት። በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ዓሦችና ሌሎች ፍጥረታት የሚተነፍሱት በውሃው ውስጥ የሟሟ ኦክሲጅን ነው። የሰው ዐይነ ምድር፣ የከብት ደምና ፈርስ፣ የምግብ ትራፊ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጥቃቅን ተሕዋስያን ያን እየበሉ ይባዛሉ፤ ሲባዙም ኦክሲጅኑን ይጨርሱታል። ኦክሲጅን ያለቀበት ውሃ ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ከጥቂት ተሕዋስያን በቀር ሕይወት አያኖርም። በበጋ ወራት በትንሹ አቃቂ የታችኛው ክፍል የሚታየው ጥቁር ቀለምና የሚነሣው ክርፋት ከዚህ ይመጣል። በዚህ ላይ ቆዳ ከሚያለፉ ፋብሪካዎች የሚወጣው ክሮሚየምና እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ሌሎች ከባድ ብረቶች ይጨመራሉ። ከባድ ብረት የሚባሉት በአፈርና በሰውነት ውስጥ እየተጠራቀሙ የሚሄዱና በጊዜ ብዛት የማይበሰብሱ ንጥረ ነገሮች ናቸው። በወንዙ ዳር ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ በዚሁ ውሃ ሲለማ ስለኖረ፣ በተለያዩ ጊዜያት በውሃው፣ በአፈሩና በአትክልቱ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እነዚህን ብረቶች አግኝተዋል። ስለዚህ የወንዙ ችግር ጎመን ወደሚገዛው ሰው ማዕድ ድረስ ይሄዳል፤ ያ ሰው ወንዙን አይቶት የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

ይህን ፈሳሽ በጆንያ ማንሣት አይቻልም። የሚቆመው በቧንቧና በማጣሪያ ነው። በቃሊቲ የሚገኘው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በ2010 ዓ.ም. ተስፋፍቶ በቀን እስከ 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ የማጣራት አቅም እንዲኖረው ተደርጓል፤ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ማጣሪያ የሚያጣራው የደረሰውን ብቻ ነው። ከፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኘ ቤት ጉድጓዱ ሲሞላ የመጣጭ መኪና መጥራት አለበት፤ መኪና የማይገባበት ጠባብ መንደር ውስጥ ያለ፣ ወይም ክፍያው የከበደው ሰው ዝናብን ጠብቆ ጉድጓዱን ወደ ቦዩ ይከፍተዋል። ድርጊቱ ሕገ ወጥ ነው፤ ነገር ግን ቅጣት ብቻውን እንደማያስቆመው ለመገመት አያዳግትም፤ የሚቀጣው ሰው ሌላ መውጫ ሊኖረው ይገባል።

እንግዲህ ዘመቻው ከንቱ ነው ማለት ነውን? አይደለም። ደረቅ ቆሻሻ የራሱ ከባድ ጉዳት አለው። በድልድይ ሥርና በቱቦ አፍ የተጠቀጠቀ ፌስታልና ማዳበሪያ የውሃውን መንገድ ይዘጋል፤ የተዘጋው ውሃም ወደ ሰው ቤት ይዞራል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወረደው ጎርፍ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ጎርፉ የመጣው በቆሻሻ ብቻ ነው ማለት ባይቻልም፣ የተከፈተ ቱቦና የተዘጋ ቱቦ በዝናብ ሰዓት የሚያመጡት ልዩነት ግልጽ ነው። ከዚህም ሌላ ውሃ ውስጥ የቆየ ፕላስቲክ በፀሐይና በግጭት እየተሰባበረ ማይክሮፕላስቲክ ወደሚባለው ደቃቅ ቅንጣት ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚያነሣው የለም። ፕላስቲክን ሙሉ ሳለ ማንሣት ጊዜ የማይሰጠው ሥራ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከዚህ አንጻር የዘመቻው ጊዜ ራሱ ወሳኝ ነው። በጎ ፈቃድ በብዛት የሚጠራው ትምህርት ቤት ሲዘጋ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በዚያ ወቅት ወንዙ ሞልቷል፣ ዳርቻው ያንሸራትታል፣ ቆሻሻውም ጉዞ ላይ ነው። ወንዝን በሚመለከት ትልቁ ጥቅም የሚገኘው በሚያዝያና በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠና ቱቦዎችንና የድልድይ ሥሮችን በመክፈት፣ ቀጥሎም በጥቅምት፣ ጎርፉ ጥሎት የሄደውን ሳይቀበር በማንሣት ነው። የክረምቱን የወጣቶች ጉልበት ለዛፍ ተከላና ለአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት አውሎ የወንዙን ሥራ ወደ ግንቦት ማምጣት በጀት የማይጠይቅ ማስተካከያ ነው።

በዓላቱና ወንዙ

በአገራችን ውሃና በዓል የተለያዩ ነገሮች አይደሉም። ጥር 10 ቀን ከተራ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ በከተማዋ ዳር ባሉ አጥቢያዎችም ማደሪያው ከወንዝ ብዙ የማይርቅባቸው ቦታዎች አሉ። በጳጉሜን ገና ሳይነጋ ወንዝ ወርዶ መጠመቅ የቆየ ልማድ ነው። ኢሬቻ ሲከበር ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዞ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በሆራ ፊንፊኔ እንደገና መከበር ከጀመረ ወዲህ በመሀል አዲስ አበባም ውሃ የምስጋና ቦታ መሆኑ በየዓመቱ ይታያል።

እነዚህ በዓላት ከማንኛውም ቅስቀሳ የበለጠ የበጎ ፈቃድ አቅም አላቸው፤ ይህ በተግባር የታየ ነው። በጥምቀት ታቦታቱ የሚያልፉበትን መንገድ የሚጠርጉት፣ ምንጣፍ እየተሻሙ የሚያነጥፉትና ሕዝቡን ሥርዓት የሚያሲዙት የሰንበት ትምህርት ቤትና የየሰፈሩ ወጣቶች ናቸው፤ ቀስቃሽም ከፋይም የላቸውም። በኢሬቻ ሥርዓት የሚያስከብሩት፣ ፎሌ የሚባሉት ወጣቶች የሚሠሩት ሥራም እንዲሁ ነው። ሰው ለሚያከብረው ቦታ ሳይጠራ ይመጣል።

ሆኖም በዓል ወንዝን ያስከብራል ብሎ ማቆም አይበቃም፤ በዓል ቆሻሻም ይፈጥራል። ብዙ ሕዝብ በአንድ ቀን ሲሰበሰብ የሚጣለው የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የብስኩት ላስቲክና የሸንኮራ ልጣጭ ብዙ ነው። የተለየው ባሕርይው ግን ቦታውና ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ መሆኑ ነው። ከየአቅጣጫው የሚመጣውን የጎርፍ ቆሻሻ መጠበቅ አይቻልም፤ የበዓሉን ግን ከምንጩ መያዝ ይቻላል። በመግቢያና በመውጫ በቂ ማጠራቀሚያ ማስቀመጥ፣ ሃይላንዱን ለብቻው ሰብስቦ በኪሎ ለሚገዙ ቁራሌዎች ማስረከብ፣ ሕዝቡ ሳይበተን ማጽዳት መጀመር፤ ይህን ማንኛውም የደብር ሰበካ ጉባኤ ወይም የሰፈር ኮሚቴ ሊያደርገው ይችላል። ማግስቱን ከተጠበቀ ነፋስና ውሻ ሥራውን እጥፍ ያደርጉታል።

ከበዓላችን ውስጥ የጽዳት በዓል ራሱ አለ። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ሰብስቦ ማጠን በ1911 ዓ.ም. አገሪቱን የፈጀውን የኅዳር በሽታ ተከትሎ የጸና ልማድ ነው። በዚያ ዘመን የሚቃጠለው ገለባ፣ ቅጠልና የበሰበሰ ነገር ነበር። ዛሬ በዚያው ቀን በሚቃጠለው ክምር ውስጥ ፕላስቲክም አለበት፤ ጭሱም ሳንባን ይጎዳል፣ አመዱም ወደ ወንዝ ይወርዳል። ልማዱን ማስቀረት አያስፈልግም፤ አንድ ሰፈር ሁሉ በአንድ ቀን ለጽዳት የሚወጣበት ቀን በቀላሉ አይገኝም። ማጠኑን ትቶ ማንሣቱን ማጽናት ግን ይቻላል።

ጆንያው የት ይደርሳል?

ብዙ ዘመቻዎች የሚከሽፉት በጽዳቱ ላይ ሳይሆን በማንሣቱ ላይ ነው። ወጣቶቹ ረፋዱን ሙሉ ሠርተው ጆንያዎቹን ከወንዙ ዳር ይደረድራሉ፤ ፎቶ ይነሣል፤ መኪና ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። መኪናው ካልመጣ፣ ወይም መንገዱ ስለማያስገባው ከተመለሰ፣ ጆንያዎቹ እዚያው ይቆያሉ። ማዳበሪያ ጆንያ በፀሐይ ይሰነጠቃል፤ ውሻና ቆራሊዮ ፈላጊ ይፈቱታል፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሁሉንም ወደ ወጣበት ይመልሰዋል። ተመልካቹ "ሕዝቡ መልሶ አቆሸሸው" ይላል። በእርግጥ ግን ያው ቆሻሻ ነው የተመለሰው።

ስለዚህ አንድን ዘመቻ ከመጥራት በፊት መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች ተግባራዊ ናቸው። የሰፈሩን ቆሻሻ በጋሪ የሚሰበስበው የሽርክና ማኅበር ለዚያ ቀን ተነግሮታል? ጆንያውን ከገደሉ ወደ መኪና መንገድ የሚያወጣው ማን ነው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲባል ሎሚው የሚወርድበት ቦታ እንዳለ ታስቦ ነው።

ቆሻሻ ከከተማ ዳር ሲወጣ እንደማይጠፋም ማስታወስ ያስፈልጋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የተናደው የቆሻሻ ክምር ከመቶ በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከወንዝ የተነሣው ሁሉ ሳይለይ ወደ አንድ ክምር የሚሄድ ከሆነ ችግሩን ከአንዱ ደሃ ሰፈር ወደ ሌላው ማዛወር ይሆናል። ሃይላንድና ብረት ለብቻ ተለይቶ ቢሸጥ ግን ክምሩም ይቀንሳል፣ ማኅበሩም ለሚቀጥለው ጽዳት የጓንት መግዣ ያገኛል።

ስለ ጓንት ከተነሣ፣ የደኅንነት ጉዳይ እንደ ትርፍ ነገር መታየት የለበትም። በዚህ ውሃ ዳር መርፌ፣ የተሰበረ ጠርሙስና የዛገ ቆርቆሮ አለ፤ የአይጥ ሽንት የሚያስተላልፈው በሽታም አለ። ስስ የላስቲክ ጓንት ለዚህ አይሆንም። ወፍራም ጓንት፣ የጎማ ቦት፣ መልቀሚያ መንጠቆና የመታጠቢያ ውሃ በሳሙና ካልተዘጋጁ፣ ልጆችን ወደ ወንዝ ባያወርዱ ይሻላል። እነሱ በላይ ሆነው ቆጣሪና መዝጋቢ ሊሆኑ ይችላሉ።

ፈቃድ ወይስ ግዴታ?

በጽዳት ዘመቻ ላይ ያለው ሌላው ክርክር የፈቃደኝነት ጉዳይ ነው። በመሥሪያ ቤት ወይም በወረዳ በኩል ስም እየተመዘገበ የሚወጣ ሰው በጎ ፈቃደኛ ሊባል አይችልም የሚሉ አሉ። ለአገሪቱ የዘመቻ ታሪክ ቅርብ የሆነ ሰው ይህን ስሜት በቀላሉ ይረዳዋል። በሌላ በኩል የጋራ ሥራ ያለ መጠነኛ ግዴታ አይጸናም የሚሉ ወገኖች ሩዋንዳን ያነሣሉ። እዚያ ወር በገባ በመጨረሻው ቅዳሜ ዕድሜው የደረሰ ዜጋ ሁሉ ኡሙጋንዳ ወደሚባለው የጋራ ሥራ መውጣት ይጠበቅበታል፤ የኪጋሊ ንጽሕናም ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ኢስቶኒያ ደግሞ በተቃራኒው ትጠቀሳለች፤ በ2008 እ.ኤ.አ. 50 ሺህ ገደማ ሰዎች በፈቃዳቸው ወጥተው በአንድ ቀን ወደ 10 ሺህ ቶን ቆሻሻ አንሥተዋል።

ሁለቱም ምሳሌዎች ሲጠቀሱ አንድ ነገር ይዘለላል። ሩዋንዳ በዚያው በ2008 እ.ኤ.አ. ፌስታልን ከልክላ በድንበር ላይ ሳይቀር ማስፈጸም ጀምራለች። የኢስቶኒያ በጎ ፈቃደኞችም ከዕለቱ በፊት ቆሻሻው ያለበትን ቦታ በካርታ ላይ መዝግበው ጨርሰው ነበር። ውጤቱን ያመጣው ከሰው ብዛት ጋር የሄደው ሌላ ሥራ ነው።

በእኛ አገር ሁኔታ ከሁለቱም ይልቅ የሚቀርበው እድር ይመስላል። እድር ፈቃደኝነትንና ግዴታን አስታርቆ የኖረ ተቋም ነው፤ አባል የሚሆነው በፈቃዱ ነው፣ ከሆነ በኋላ ግን ግዴታውን ካልተወጣ ይቀጣል። አንድ እድር ወይም የጽዋ ማኅበር ከዚህ ድልድይ እስከዚያ ድልድይ ያለውን ዳርቻ ዓመቱን ሙሉ ቢይዝ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚወጣ ብዙ ሕዝብ የተሻለ ያውቀዋል፤ የትኛው ቱቦ መቼ እንደሚያፈስ፣ ማን በሌሊት ገልብጦ እንደሚሄድ የሚያየው ቋሚ ነዋሪ ነው።

ከማንሣት ወደ መመዝገብ

የበጎ ፈቃደኛው ትልቁ አቅም ያለው እዚህ ላይ ነው ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የባሕር ዳርቻ ጽዳት ተሳታፊዎቹ ቆሻሻ ሲያነሡ ያነሡትን በዓይነቱ እየቆጠሩ በቅጽ እንዲመዘግቡ ያደርጋል። እንዲህ ያለው ቆጠራ ስለ ፕላስቲክ በሚደረገው ክርክር ማስረጃ ሆኗል፤ የጆንያ ፎቶ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

በኢትዮጵያ ሕግ ደግሞ ምዝገባው ከዚህ በላይ ጉልበት ሊኖረው ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በበኩሉ ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ያደረሰን ወይም ሊያደርስ የሚችልን ወገን በመቃወም ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ አካል አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀናት ውስጥ ክስ ማቅረብ ይችላል። በብዙ አገሮች አቤት ባይ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል፤ እዚህ ሕጉ በሩን ከፍቶታል። በበሩ የገባው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም አቤቱታ ማስረጃ ይፈልጋል። በየወሩ ያንኑ ቱቦ ጎብኝቶ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የውሃውን ቀለምና ሽታ የመዘገበ፣ ፎቶውን ያስቀመጠ የሰፈር ማኅበር ያንን ማስረጃ በእጁ ይዟል። "በካይ ይክፈል" የሚባለው መርሕ፣ ማለትም ጉዳቱን ያደረሰው ወገን የማስተካከያውን ወጪ ይሸፍን የሚለው፣ በካዩ ካልታወቀ በወረቀት ላይ ይቀራል።

በዚህ ላይ የሚነሣው ሥጋት ተገቢ ነው። ፋብሪካው የሰፈሩ ሰው እንጀራ የሚያገኝበት ከሆነ መዝጋቢው ከጎረቤቱ ጋር ይጋጫል፤ ጥቆማ የሚሰጥ ሰው ሊፈራም ይችላል። ስለሆነም ምዝገባው በግለሰብ ስም ሳይሆን በማኅበር ስም ቢሆን፣ መጀመሪያም ከድርጅቱ ጋር በመነጋገር ቢጀመር የተሻለ ነው። የሥራ ዕድልን ከወንዝ ጋር ማወዳደርም የግድ አይደለም፤ ቅድመ ማጣሪያ መሥራት ወጪ ይጠይቃል፣ ፋብሪካ መዝጋትን ግን አይጠይቅም።

ወሰን የማያውቅ ውሃ

የቀረው እንቅፋት አስተዳደራዊ ነው። የወንዞቹ ራስጌ የተወሰነው ክፍልና ግርጌያቸው በኦሮሚያ፣ በአሁኑ አጠራር በሸገር ከተማ ዙሪያ ይገኛል፤ መሀሉ በአዲስ አበባ። የከተማዋ ደንብ የሚሠራው በወሰኗ ውስጥ ነው። ከወሰኑ በላይ የተለቀቀ ፍሳሽ በከተማዋ ያልፋል፤ በከተማዋ የተለቀቀው ደግሞ ከአባ ሳሙኤል በታች ያሉ ገበሬዎችን ከብት ያጠጣል፣ በአዋሽ አድርጎ ቆቃ ይገባል፤ የአዳማ ከተማም የሚጠጣ ውሃ የሚያገኘው ከዚያው ከአዋሽ ነው። በአባ ሳሙኤል ላይ የሚንሳፈፈው እምቦጭ ከላይ በሚመጣው ፍሳሽ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እየተመገበ የሚያድግ አረም ነው፤ ከግድቡ ላይ በእጅ ቢነቀልም ምግቡ እስካልተቋረጠ ድረስ ይመለሳል። አዲስ አበባ ራሷ ከአቃቂ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ በብዛት ስለምትጠቀም፣ የወንዙ ጉዳይ የታችኞቹ ብቻ ነው ብሎ መተው አያዋጣም።

የወንዝ ዳርቻ ልማቱ በዚህ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ሁለት ገጽ አለው። ባፈር የሚባለው፣ ከወንዙ ግራና ቀኝ ከግንባታ ነጻ ሆኖ የሚከለል ሥፍራ ሲጸና ቆሻሻ የሚደፋበት ጓሮ ይቀንሳል፤ ሣርና ዛፍ ደለልን ይይዛል። ከዳርቻው የሚነሡ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ጫፍ ሲሄዱ ግን፣ የፍሳሽ መስመርና የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር ቀድሟቸው ካልደረሰ፣ ብክለቱም አብሯቸው ወደ ታች ወርዶ በሌላ ጅረት ይጀምራል። መሀሉ አምሮ ዳሩ የባሰ ከተማ ሊፈጠር የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

የፌስታሉ ክልከላ ምን ያህል እንደሠራ በሚቀጥሉት ዓመታት ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የታችኛው ዳርቻ ይሆናል፤ የከተማዋ ሁሉ ፌስታል መጨረሻው ወደዚህ ነውና። ለማወቅ የሚያስፈልገው በያንዳንዱ ጽዳት ከሚነሣው ውስጥ ስንቱ ፌስታል፣ ስንቱ ሃይላንድ፣ ስንቱ ማዳበሪያ እንደሆነ በአንድ ደብተር ላይ፣ በአንድ ቦታ፣ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር መጻፍ ነው። ቆጠራው ከዚህ ግንቦት ካልተጀመረ ግን ወደፊት የሚነጻጸርበት መነሻ አይኖርም፤ አዋጁ ሠራ የሚለውም አልሠራም የሚለውም የሚያሳየው ማስረጃ ያጣል።